በዓመት አንድ ጣት

ከአራት ኪሎ ቁልቁል፣ ከታክሲው ጩኸት ሥር፣
ግንፍሌ ዳር አለ አንድ ቁራጭ ዱር፤
ከላይ የመስታወት ፎቅ፣ ከታች ጭቃና ቅጠል፣
በመሐል ላንድሮቨር፣ ስታስል፣ ስትንጠለጠል።

ሹፌሩ ጋሽ ዘርጋው፤
በስም ብቻ ሆኖ መንገዱን አልዘረጋው።

እኔ ከፊት ከፊት፣ ቦቲዬን ጭቃ ውጦት፣
በኋሊት እየሄድኩ በእጄ እያሳየሁት፦
«ና! ና! ጨርሰው! መልሰው! ቁም! በቃ!»
ጎማው ድንጋይ ነክሶ፣ ባሌስትራው ሲነቃ።

እሱ አይመልስም። ትንሿን ማርሽ አስገብቶ
ፍሪሲዮን ይለቃል፣ እግሩን አለስልቶ፣
ሕፃን ከተኛበት ቤት አምሽቶ ገብቶ
በሩን እንደሚዘጋ አባት።
«ዱር ውስጥ የፈጠነ በእግሩ ነው የሚመለስ»
ይለኛል አልፎ አልፎ፣ ላቡን በክንዱ ሲያብስ።

ከኋላችን ችግኝ፤ ኮሶ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣
ተጋፍተው በላስቲክ፣ ሰኞ ጠዋት ክፍል ተማሪ እንደሚገባ።
በላያቸው ሽኩር፣ መጥረቢያውን ታቅፎ፣
ቅርንጫፍ ሲመጣ አንገቱን ቀልፎ።

መታጠፊያው ጋ ነው ጉዱ።
አንዱ ወገን ግንብ፣ የድሮ፣ የድንጋይ፤
አንዱ ወገን ጥድ ነው፤
እሱ ነው የተከለው፣ እኔ በተወለድኩበት ክረምት ላይ።
ያኔ እርሳስ ያክል ነበር፤ መኪናዋም አዲስ፤
አህያ ከነጭነቱ አብሯት ያልፍ ነበር አሉ፣
ሳይነካ የማንም ልብስ።

ከዚያ ጥዱ ወፈረ።
በዓመት አንድ ጣት።
መኪና አይከሳም፤ ያላት ምርጫ
በዓመት አንድ ዕቃ መፍታት።

መጀመሪያ ስፖኪዮዋ ታጠፈች፤
በሁለተኛው ዓመት ተፈታች
(እኔ የተቀጠርኩት በስፖኪዮዋ ቦታ)፤
በሦስተኛው የበሩ እጀታ።
ከዚያ መወጣጫው። ከዚያ የፓራፋንጎው ጠርዝ፣ በመጋዝ።
ከዚያ ፍሬቻዋ፣ ስንት ክረምት በሽቦ ታስራ ስትጓዝ።
ቅርፊቱ ላይ ቀለም አለ፣ የእኛው አረንጓዴ፤
ዛፉ እየዋጠው ነው። እነካዋለሁ አንዳንዴ።

ዘንድሮ፣ ሐምሌ፣ ጭቃው እስከ ሰሌዳ፣
«ና!» አልኩ። መጣ። «ና!» አልኩ።
ቆመ።
በቀኝ ግንብ፣ በግራ ጥድ፣ በመሐል ወረቀት የማያስገባ ክፍተት።
«ስንዱ፣ የሚፈታ አለ?» አለኝ በመስኮት።
ዞርኩ። ጎንበስ አልኩ። አየሁ።
«የቀረው በሩ ነው፤ ከዚያ እኛ ነን» አልኩት።

ሽኩር ከላይ መጥረቢያውን አሳየው፦
«ጋሼ፣ አንድ ጣት ብቻ፣ ከቅርፊቱ ልላጠው?»

ሞተሩን አጠፋው።
ያኔ ነው ወንዙ የተሰማው፤
ራዲያተሩ ጠብ፣ ጠብ፤
ከዛፎቹ በላይ «ካዛንቺስ! ካዛንቺስ! አንድ ሰው!
የሞላ! አንድ ሰው!»
ጋሽ ዘርጋው መሪው ላይ አገጩን አሳረፈና
«የሚላጥ ካለ እሷን ላጣት» አለ፣
«እሷ ደንዝዛለች።»

እሷም አልተላጠች።
ችግኙን አወረድን፤ አሥር አሥር፣ በሃያ ምልልስ፣
እሷ መንገዱን እንደ ቡሽ ወትፋው
እኛ በኮፈኖዋ ላይ ስንወጣ፣ ስንመለስ።
ሽኩር አንዴ አንሸራቶት ችግኝ አቅፎ ወደቀ፤
ቀና ሲል የኮሶ ቅጠል ከጥርሱ መሐል፣
ጋሽ ዘርጋው፣ ከስንት ወር በኋላ፣ ሳቀ።

የመጨረሻዋን ዝግባ ከመንገዱ ጥግ ልተክል ስቆፍር
መጣና ጉድጓዱን በእግሩ ደፈነው፣ ምንም ሳይናገር።
ጀርባውን ለመንገዱ ሰጠ፤
ሁለት እጁን ግራና ቀኝ ዘረጋው፤
ትንሽ አሰበ፣
አንድ እርምጃ ጨመረ፣
«እዚህ» አለ ጋሽ ዘርጋው።
«የዛሬ ሠላሳ ዓመት እዚህ የሚያልፈውን
አታውቂውም። ወፍራም ይሆናል።»

ከዚያ በኋሊት። አሁን ከኋላ ነኝ፤ ዝናብ ጀምሯል፤
«ና! ና! ቀስ! መልሰው!»
ስትወጣ ጥዱ ላይ አንድ አዲስ መስመር ቀረ፣
አረንጓዴ፣
ገና ያልዋጠው።