ሲቀነስ

ሦስት ደብዳቤ መጣ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ፤
አንዱ ከለንደን ነው፣ ሲያዩት የሚያስደነግጥ፣
ማኅተሙ ያማረ፣ ቃሉ የሚያቆላምጥ።
«እንኳን ደስ አለሽ» ይላል፣ «ተቀብለንሻል»፤
ወረድ ብሎ በደቃቅ ፊደል፣ «ወጪሽን ራስሽ ትችያለሽ» ይላል።
እናቴ ሳቀች። አራት ላይ አጠፈችው፤
ከሚወላገደው ጠረጴዛ እግር ሥር ሸጎጠችው።
ጠረጴዛው ቀጥ አለ።

ሁለቱ ቀሩ፤
ዙሪክና ግዳንስክ፣ ጎን ለጎን ተኝተው አደሩ።

ዙሪክ ብዙ ይሰጣል፤
አባቴ ዓመት ሙሉ ከባሕር ከሚያወጣው በእጥፍ ይበልጣል።
ግዳንስክ ግን፣ ቁጥሩን ሳየው፣
አንድ ዜሮ የጎደለው መሰለኝ፤ ብደግመውም ያው ነው።

እናቴ የሰርዲን ፋብሪካ ሂሳብ ያዥ ናት፣
ሠላሳ ዓመት የሰው ደመወዝ በእጇ ያለፈባት።
«ገቢ ወሬ ነው፣ ኡሺያ» ትላለች፤
«ሲቀነስ ንገሪኝ» ብላ እርሳሷን ትቀርጻለች።

ኪራይ ሲቀነስ፤
ያልጋ ያህል ክፍል፣ ምድጃው ለአራት ሰው በተራ የሚዳረስ፤
የጤና መድን ሲቀነስ፣ ባቡር ሲቀነስ፣
ለገና ወደ ኮርሜ ደርሶ መልስ፤
ጥርሴም አለ፣ ከፋሲካ ወዲህ የሚጠዘጥዘኝ፣
«እሱንም አስቢው፣ እዚያ አገር ጥርስ ወርቅ ነው» ያለችኝ።
ዙሪክ ከሳ። እየከሳ ሄደና
ከግዳንስክ ጋር ትከሻ ለትከሻ ቆመ፤
በዓመት የአንድ ጥንድ ጫማ ልዩነት ብቻ ቀረና።

አባቴ ገባ፣ እርጥብ ልብሱን በር ላይ ጥሎ፣
ከረጢት ሙሉ ፐርሴቤ ከቋጥኝ ላይ ፈልፍሎ።
(ላላየው ሰው፦ ጥቁር ጣት የመሰለ፣
ጫፉ ላይ ጥፍር ያበቀለ፣
ማዕበል ከሚደበድበው ድንጋይ የማይላቀቅ ፍጡር ነው፤
እኔ የማጠናው ሙጫውን ነው፣
ውሃ ውስጥ የሚይዘውን።)
እሱ ለሙጫው ግድ የለው፤
የሚያውቀው ኪሎው ስንት እንደሚሸጥ፣
ባለፈው ጥር የኤላዲዮ ገመድ የት ላይ እንደተበጠሰ ነው።

«የቱ ይሻላል?» አልኩት።
ቦቱን አወለቀ፤ ውሃውን ደፋ።
«ወፍራም ወፍራሙ ያለው ማዕበሉ ከሚከፋበት ነው» አለኝ፤
«ኤላዲዮም ይህን ያውቅ ነበር።»
ቆየና፣ «ክፍሉ መስኮት አለው?» ሲል ጠየቀኝ።

መስኮት በሂሳባችን ውስጥ አልነበረም።

ማታ ዙሪክ ደወልኩ። ሬጉላ የምትባል፣
ሦስት ዓመት የቆየች። «ማሽኑ ልዩ ነው» አለች፣ «ዓለም የሚቀናበት።»
«ሰዎቹስ?» ስላት ዝም አለች፣
ቧንቧ ሲንጠባጠብ እስኪሰማኝ ድረስ ዝም አለች።
«ማሽኑ ልዩ ነው» ብላ ደገመች።

ግዳንስክ ላይ ዩስቲና አፏ ሙሉ ምግብ ነው፤
«ማሽናችን አሮጌ ነው፣ ጎኑን ስትመቺው ነው የሚነሳው።
ደመወዝ በአሥረኛው ቀን ይመጣል፣ አንዳንዴም በሃያው፤
ያኔ ፕሮፌሰሯ ታበድረናለች፤
ታዲያ የማን ዕዳ ስንት እንደሆነ ትረሳለች።»
«ከመስኮቱ ባሕር ይታያል?»
«ክሬን ይታያል» ብላ ሳቀች፤ «ከክሬኑ ኋላ ባሕሩ አለ።»

«እሺ» ማለት ቀላል ነው፤ እሱን ለነገ አቆየሁት።
መጀመሪያ ለዙሪክ፣ እንቢታውን ጀመርኩት፤
«ከልብ አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን…»
እዚያ ላይ ቆምኩ። ያን ያህል ገንዘብ፣
ያን ያህል ጥርስ፣ ያን ያህል የአባቴ ጀርባ፣
በአንዲት «ነገር ግን» ይታለፋል?
አባቴ ሊነጋጋ ሲል ወጣ፣ ባሕሩ ሲጎድል፤
እኔ እዚያው «ግን» ላይ ነበርኩ።

ብዕሬን ጫን ሳደርግ ጠረጴዛው ተወላገደ።
ጎንበስ ብዬ ባይ፣ ከእግሩ ሥር ወረቀቱ የለም።
ለካ እናቴ የለንደንን ደብዳቤ አውጥታ
በጀርባው ላይ ስትደምር፣ ስትቀንስ አምሽታ
ከወጥ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ትታው ተኝታለች፤
ከሁሉ በታች የዓመቱን ልዩነት ሁለቴ አስምራበታለች፣
ከጎኑም በእርሳስ፣ በፋብሪካው የእጅ ጽሑፏ፦
«ጫማውን እኔ እገዛለሁ።»