ስንተኛ ወጣን?

በቅዳሜ ሥልጠና፣ ከሆቴሉ አዳራሽ፣ ከግድግዳው ሸራ፣
አገር ካገር ጎን ቆሞ በወረቀት ብዛት ቁመት ሲለካካ አየሁት በተራ።
በሳንባ ምርምር ማን ስንት እንዳተመ፤
አንዱ ዓምድ ሽቅብ ወጥቶ ከጣራው ገጠመ።
"የኛስ የታለ?" አልኩ፣ መነጽሬን ጠርጌ፤
ክር አክሎ አገኘሁት፣ ከታች፣ ከጥግ በኩል፣ አንገቴን አስግጌ።
አሰልጣኙ ሳቀ፤ "ዜሮ አይደለንም" አለ፤
ሻይ ሰዓት ደረሰ፣ ሁሉም ተከተለ።

ሰኞ ሱሉልታ ነኝ። ብርዱ እንደ ልማዱ።
ሯጮቹ አለፉ በአስፋልቱ ዳር ዳር፣ እፍ እፍ እያሉ፣ ጉሙን እየናዱ።
ዓለም ሳንባችንን የሚያውቀው በነሱ ነው፤
ከዳገቱ ጀርባ፣ ክሬሸሩ ሥር ያለውን ማን ነው የቆጠረው?

ካርድ ቁጥር ሰባት መቶ አሥራ ሁለት፣ ደገፋ ጉርሜሳ፤
ሽፋሽፍቱ ዱቄት፣ ጫማው ዱቄት፣
ቀበቶው ሦስት ቀዳዳ ወደ ውስጥ የገባ፣ ዕድሜው ገና ሃምሳ።
ቱቦዋን ሰጠሁት። "በል ሳበው፣ ሙላና፣
ባንዴ ልቀቅ! ግፋ! ግፋ! ግፋ! ገና! ገና!"
ቀስቷ ተንፏቀቀች፤ መቶ ሰባ ላይ ስትደርስ ቆመች፤
እንደዚያች እንደ ክሯ፣ ከዚያ በላይ እንቢ አለች።

ሳሉን እስኪጨርስ፣ ከኪሴ አውጥቼ ሥዕሉን አሳየሁት፤
ምን እንደ ነካኝ እንጃ፣ ለታማሚ ሰው የማይነገር ነገር፣ አንድ ባንድ ነገርኩት።
በሻከረ አውራ ጣት ክሯን ደባበሰ፤
"ስንተኛ ወጣን?" አለ፣ እንደ ሩጫ ወሬ፤ ሳሉ ተመለሰ።
"ካፍሪካስ?"
"ካፍሪካም ወደ ኋላ ነን።"
ዝም አለ። ወረቀቱን ባራት አጠፈው፤
"እስቲ ማን ነበረ ለኛ የሮጠው?"

የዛሬ ስድስት ዓመት እንግዶች መጥተው ነበር፣ በነጭ መኪና።
ሁለት ወር ሙሉ፣ እኔ እያስተረጎምኩ፣
መቶ አርባ ሠራተኛ እዚህ አስነፍተናል።
ደገፋም ነፋ። ያኔ ሦስት መቶ አሥር ነበር።
አንድ ሊትር ዘይት ሰጡት፣ አንድ ሳሙና፤
ዘይቱን አስታውሶ እስከ ዛሬ ያመሰግናቸዋል።
ጽሑፉ ታተመ። ቅጂው የደረሰኝ በሦስተኛው ዓመት፤
ስሜ ከመጨረሻው ገጽ፣ ከምስጋናው ሥር፣ በደቃቅ ፊደላት፤
ያውም የሻረግ መባሌ ቀርቶ፣ "የሻግ" ተብዬ፣ አንድ ፊደል ጎድሎበት።

እንግዲህ ያ ትልቁ ዓምድ፣ ከጣራው የደረሰው፣
ከውስጡ አንዲቱ ጡብ የደገፋ ነው፤
በዚህችው ወንበር ላይ፣ አንድ የጥቅምት ጠዋት፣ እፍ ብሎ የሰጠው።

ይኼን አልነገርኩትም። ካርዱን ይዞ ወጣ።
መንገዱ ዳገት ነው፤ ሦስቴ ቆመ፤ ሦስቱንም በመስኮት ቆጠርኩ።
ሲመለሱ ሯጮቹ ግራና ቀኝ ሆነው አለፉት፣
እንደ ምሰሶ።

ማታ፣ ልጄ ጀምራ የተወችውን ደብተር አወጣሁ፤
የስምንት ዓመት መዝገብ አጠገቤ ደረደርኩ።
መብራት ሄደ። በስልኬ ብርሃን፣ ሁለቴ ሰርዤ፣ አርዕስቱን ጻፍኩ፦
"በሱሉልታ ዙሪያ የጠጠር ሠራተኞች ትንፋሽ።"
ከሥሩ "ደገፋ" ብዬ ስጀምር አንድ ሕግ ጣልቃ ገባ፤
የታማሚ ስም አይጻፍም፣ ቁጥር ነው የሚሰጥ።
ስሙን ደለዝኩና
ቁጥር አንድ አልኩት።
ያኔ ሦስት መቶ አሥር። ዛሬ መቶ ሰባ።