ሙላት

ቢሮዬ ጠባብ ናት፣ ከምድጃው ጀርባ፣
አንድ ወንበር ለእኔ፣ አንድ ለሚገባ።
ግድግዳው ላይ ፖስተር፦ ነጭ ጋውን የለበሰ፣
ከንፈሩን እርጥበት በልቶ የጨረሰ
ሐኪም፤ ከእግሩ ሥር «ሕልምህን ምረጥ» ይላል፤
የቺሎዌ ዝናብ ቆርቆሮዬን ይቆላል።

አርባ ሦስት ልጅ አለኝ፣ አርባ ሦስት ቅጽ፣
ሁሉም ባለ አንድ ጥያቄ፣ ሁሉም ባለ አንድ ገጽ፤
«ወደፊት ምን ልትሆን?» ብሎ ይጠይቃል፣
ለዕድሜ ልክ መልስ ሦስት መስመር ይለቃል።

ኤልያሳር «ጠላቂ» ብሎ ጽፎ ወጣ።
አባቱም ጠላቂ ነው፤ ለወላጆች ስብሰባ ሲመጣ
በግራው አይሰማም፤ ከሳልሞኑ መረብ ሥር ጠልቆ
ጆሮውን እዚያው ትቶ ነው የወጣው፣ ደሞዙን አንቆ።
ኢሶልዳ «ሐኪም» አለች። «ከየት መጣ ነገሩ?»
ብላት፣ በአገጯ ጠቆመችኝ ወደ ፖስተሩ።

እኔም የደንቡን አደርሳለሁ፦ ነጥብ፣ ስኮላርሺፕ፣ ቀነ ገደብ፣
የሳንቲያጎ ኪራይ፣ የጀልባና የአውቶቡስ ገንዘብ።
ልጅን ከደሴቱ መሸኘት ነው ሥራዬ፤
የሄደው ሲበዛ ያድጋል ዝናዬ።
ዓምና የግድግዳ ሰዓት ሸልመውኛል፤
ከእኔው ጋር ወደ ኋላ ይቀራል።

ያስና ካርካሞ ግን ባዶውን መለሰች፤
ካፖርቷ ጠብ ጠብ እያለ ወለሌን አራሰች።
«ሒሳብ መቶ ከመቶ፤ ምነው ቅጽሽ ጎደለ?»
«የምፈልገው» አለች፣ «ዝርዝሩ ላይ የለ።»
እኔ መካሪ ነኝ፤ መካሪ ዝም አይልም።
«ምሕንድስና?» «አይ።» «ሕግ?» «አይ።» «ፋርማሲ?» «እሱም አይሆንም።»

እናቷ ፋብሪካ ውስጥ ዓሣ ትሰነጥቃለች፤
«ምንም ትሁን፣ ብቻ እጇን ይሙቃት» ብላኛለች።
ቅጹን ገለባበጥሁ፣ «ሙቅ እጅ» የሚል ሳጥን አለ ብዬ፤
የለም። ሚኒስቴሩ በረዶ ነክቶ አያውቅም መሰለኝ፣ ጌታዬ።

ከቦርሳዋ ደብተር አወጣች፣ በላስቲክ የተጠቀለለ።
የወደቡን ግንብ በቀለም ምልክት አድርጋ፣ ሰው ሳይላት «በይ» ሳይል፣ ማንም ሳያይ፣ ማንም ሳይኖር፣
ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ነፋስ፣ ከፍታ በሳንቲ ሜትር።
አራት ዓመት ሙላት፣ አራት ዓመት ጉድለት፤
አንድ መስመር ብቻ ባዶ ነው፣ የአንድ ዕለት።
«ይኼስ?» አልኋት።
«ወንድሜን በጀልባ የሸኘን ጠዋት።»

ወንድሟን የላክሁት እኔ ነኝ።
ሰዓቱንም ያሸለመኝ እሱ ይመስለኛል።

«ይኼ ነገር ስም አለው?» አለችኝ። «ሙያ ነው?»
አላወቅሁም። ሃያ ዓመት መክሬ አላወቅሁም፤ እውነቱ ይኸው ነው።
ስልክ መታሁ፤ ወደብ፣ ባሕር ኃይል፣ ዩኒቨርሲቲ ሁሉ፤
«ትንሽ ይጠብቁ» እያሉ አንዱ ለአንዱ ሲያቀብሉ
ምድጃው ጠፋ። በመጨረሻ አንዲት ጉንፋናም ድምፅ አነሣች፤
«ስንት ዓመት? አራት?» ብላ ሳሏን ዋጠች።
«ትምህርቱ አለ፤ ወንበሩም አለ፤ ሰው ነው ያጣነው።
ደብተሩን ላኩልኝ። አይ፣ ቅጂውን፤ ዋናው የእሷ ነው።»
ይሞቅ እንደሆን ሳልጠይቃት ስልኩ ተቋረጠ፤
ያስና ሰዓቴ ላይ ስምንት ደቂቃ ደምራ ፊቷ ተለወጠ።

«ቅጹስ?» ብዬ ጮህሁ። ከደጅ መለሰች፣ እየሮጠች፦
«እሱን ነገ እሞላዋለሁ፤ ባሕሩ አሁን ነው የሚሞላው» አለች።

በማግስቱ ኤልያሳርን አስጠራሁት። ፖስተሩን አንሥቼው ነበር፤
ቦታው ላይ ደረቅ ነጭ አራት ማዕዘን፣ አራት የምስማር
ቀዳዳ። «‹ጠላቂ› ያልኸውን አልሰርዝም» አልሁት፣
«ሁለት መስመር ግን ቀርቶሃል። ማንም ሳያዝህ የምትሠራው
ምንድን ነው?»
                    ወለሉን አየ። ጣሪያውን አየ።
ዝናቡ ይቆላል።
አላጣደፍሁትም።