ሽፋን

መሐል ሜዳ መግቢያ፣ ከኬላው ዝቅ ብሎ፣
ሰሌዳ ቆሞ ነበር ሁለት እግር ተክሎ።
«የትም ቦታ» ይላል፤ «መቼም ጊዜ» ይላል፤
ስልክ ይዛ የምትስቅ ልጅ፣ ጥርሷ ውርጭ ይመስላል።
ከሥሯ ቆምሁና ስልኬን ሽቅብ ይዤ፣
አንዲት ጭረት አጣሁ፣ በብርድ ደንዝዤ።

መምህር ነኝ፣ ፊዚክስ፤ ልኬት ነው ሥራዬ፤
ሳይሰፈር አይገባም ወሬ ወደ ጓዳዬ።
ሁለት ሲም ገዛሁ፣ ከሁለቱም ቤት፣
አንዱን በግራ ኪስ፣ አንዱን በቀኝ ደረት፤
ደብተር ያዝሁ።

ደብረ ብርሃን፦ ሁለቱም ሙሉ፤ ቪዲዮ ይሮጣል፤
ከአውቶቡስ ተራ ስንወጣ አንዱ ትንሽ ያነክሳል።
ጣርማ በር፦ ጉም። ስልኩም ጉም ለበሰ፤
«ሀሎ» ያልሁት ድምፅ ለራሴ ተመለሰ።
መዘዞ፦ ቀኝ ኪሴ ሞተ፤ ግራው ያቃስታል፤
የእህቴ ልጅ ፎቶ እስከ ቅንድቡ ወርዶ ይቆማል።
ሞላሌ፦ ቀኙ ተነሣ፤ ግራው ነፍስ አልዘራ፤
ባንድ በሬ እንደሚያርሱ ወንድማማቾች፣ በተራ።
መሐል ሜዳ፣ ሰሌዳው ሥር፦ ዜሮ። ደግሜ ለካሁ፤ ዜሮ።
የልጅቱ ሳቅ ግን አልቀነሰም፣ እንዳምናው ዘንድሮ።

ከጓሳው አፋፍ ላይ፣ ነፋስ ከሚያፏጭበት፣
ሀሎ ድንጋይ አለ፣ ሰው ተራ የሚይዝበት።
እዚያ ጫፍ ላይ ብቻ፣ ፊት ወደ ምሥራቅ ዞሮ፣
ሁለት ጭረት ይመጣል፣ እንደ እንግዳ ተግደርድሮ።
ምሥጢር የሚባል የለም፤ የደምሰው ዕዳ ስንት እንደ ደረሰ፣
የወይንሸት እጮኛ ስንት ሌሊት እንዳለቀሰ፣
የዘነበች ሙክት በስንት እንደ ተሸጠ፣
ወረፋው አብሮ ሰማ፤ ወረፋው አብሮ ደነገጠ።
ከሥር፣ ከገደሉ አፍ፣ ጭላዳ ሣሩን ነጭቶ፣
ጥቅል ሳይገዛ ያወጋል፣ ከዘመዱ ተጠራርቶ።

በገበያ ቀን መኪና መጣ፣ ድምፅ ማጉያ ጭኖ፤
ካናቴራ አደለ፤ ጎዳናው አንድ መልክ ሆኖ።
«አምስተኛው ትውልድ ገባ!» አለ ጎረምሳው፣ ጉሮሮው እስኪነቃ።
አቶ ላቀው ዱላቸውን ተከሉና፦ «ተወኝ፣ በቃ፤
ሦስቱን ትውልድ አየሁ፣ ሁለቱን ቀበርሁ በእጄ፤
አራተኛው ገና ይድሃል ከደጄ።
አምስተኛው የማን ነው? በየት በር ገባ፣ ልጄ?»

ሌሊት ላይ ስልኬ ጮኸች፤ ከስንት ቀን ዝምታ
አንዲት መልእክት ሾለከች፣ በምን ቀዳዳ ገብታ፦
«ውድ ደንበኛችን…»
ውድ መሆኔን እንኳ አውቃለሁ፣ ጥቅል በገዛሁ ቁጥር፤
ደንበኛ መሆኔ ነው እስከ ዛሬ ያልገባኝ ምሥጢር።

ኅዳር ላይ ነፋሱ መጣ፣ የመንዝ ነፋስ፣ ማስታወቂያ የማያነብ፤
ሸራውን ገፎ ወሰደው በአንድ ሌሊት ግብግብ።
ሲነጋ ብረቱ ብቻ ቀረ፣ ሁለት እግር፣ ባዶ አጥንት፤
ሸራው የት ገባ ሲባል፣ ተገኘ ከሸዋረገድ ቤት፣
ገብሷ ላይ። ዝናብ ያለ ወሩ መጥቶባት፣ ሳይወቃ ክምሩ፣
አራት ድንጋይ ጭናበት፣ ከራሱ እስከ እግሩ።
ልጅቱ ተዘቅዝቃ፣ ጥርሷን ለሰማይ ሰጥታ፣ ትስቃለች፤
ዝናብ ይወርድባታል፤ አንዲት ጠብታ አላሳለፈች።

ከኩባንያው ሰው ተልኮ «ንብረታችን ነው» ቢላት፣
«ሽፋን ይደርሳችኋል ስትሉ ተጠራጥሬ ነበር፣ እውነት፤
ይቅር በሉኝ፤ ደረሰኝ» ብላ፣ አንድ ድንጋይ ጨመረችበት።

ደብተሬን አወጣሁ፤ አንድ ገጽ ቀርቶኝ ነበር።

ቦታ፦ የሸዋረገድ አውድማ።
ቀኝ ኪስ፦ ዜሮ።
ግራ ኪስ፦ ዜሮ።
ሽፋን፦ አንድ ክምር ገብስ፣ ሙሉ በሙሉ።
ፍጥነት፦ ነፋሱ እንደ ፈቀደ።