የውሰት ምላስ

ሦስት ቀን ዘነበ፤ ፍሪታውን ራሰ፤
ቀዩ ጎርፍ ከዳገት ድልድዩን አፈረሰ።
ኢማሙ ከወዲያ፣ ልጆቹም ከወዲያ፣
ከወዲህ ሽማግሌው፣ በአልጋ ቁጥር ሃያ፤
ፓ ሶሪ ዓሣ አጥማጁ፣ ስልሳ ዓመት ባሕር ያልበላው፣
በደረቅ አልጋ ላይ ሳንባውን ውኃ ሞላው።

ጄኔሬተሩ ሳለ፤ አምፖሉ ጠፍቶ በራ፤
የነርሷን እጅጌ ይዞ በሹክሹክታ ተጣራ፦
«ልጄ፣ ቃሉ ጠፋኝ፤ ምላሴ ደረቀ፤
አንቺ አስጀምሪኝ፣ ጊዜዬ አለቀ።»

አቢዮሴ ኮከር የሰባኪ ልጅ ናት፤
አባቷ በማስመሪያ እጇን እየመታት
‹እናምናለን›ን በቃል ያስጠናት።
አንድ ማታ ‹ተሰቀለ› ብላ፣ ‹ተነሣ› ስትል ዘላ፣
«ሳይቀበር ማን ይነሣል?» አላት፣ መዳፏ እስኪቀላ።

ያኛውን ቃል ግን ማንም አላስጠናት፤
ከጎረቤት መስጊድ በመስኮት ገባባት፣
ጎህ ሲቀድ፣ ጎህ ሲቀድ፣ በእንቅልፏ መካከል፣
ሳትጠራው፣ ሳታባርረው፣ እንደ ሰፈር ድመት።

አፏን ከፈተች። ዘጋች።
ይህ ቃል ወሬ አይደለም፤ ደጃፍ ነው፤ ያለው ሰው ይገባበታል።
ደግሞ ‹እመሰክራለሁ› ይላል፤
ሺህ ሰው ትከሻ ለትከሻ በተሰለፈበት እንኳ
እያንዳንዱን ነጥሎ ለብቻው ያስቆመዋል።
የእሷ ‹እናምናለን› ነው የሚለው፤
ባዶ ክፍል ውስጥ ብትለው እንኳ
ከኋላዋ ወንበር ሲጥ ሲል ይሰማታል።
እዚህ፣ በዚህ አልጋ ጠርዝ፣
የምትመሰክረዋ ‹እኔ› ማን ናት?
ዝም ብትልስ?

የሽማግሌው ጣት እጅጌዋን ሳበ፣ መረብ እንደሚስብ።

«አሽሀዱ…» አለች። «አሽሀዱ…» አለ።
«አን ላ ኢላሀ…» እዚህ ላይ ትንፋሽ አጠራት።
‹አምላክ የለም› ላይ ደርሶ የሚቆም ማን አለ?
አባቷ ማስመሪያውን ያነሣ መሰላት፤
«ኢለሏህ!» አለች ፈጥና።
እሱም ጫፉን ያዘው፣ «ኢለሏህ» አለና
ስለ ነቢዩ የሚለውን አንጓ
እሷን ሳይጠብቅ፣ ለብቻው ቀዘፈው።

ጠዋት በወንዙ ላይ ግንድ ተጋደመ፤
ልጆቹ ደርሰው «ማን ነበር ከጎኑ?» አሉ።
እጇን ትታጠብ ነበር፤ ቧንቧው ይጮኽ ነበር፤
አልመለሰችም።

እሑድ፣ ሕዝቡ ለጸሎተ ሃይማኖት ቆመ።
አባቷ ፊት ወንበር፣ ጆሮው ከብዶት፣ ከሁሉ በላይ ይጮኻል።
እሷ ‹እናምናለን› አለች፤
እዚያው ቃል ላይ ቀረች፣ በውስጡ ያሉትን ስትቆጥር፤
ሕዝቡ ጥሏት ሄዶ
‹ተቀበረ› ላይ ደርሷል።