ከየት ወደ የት

የካቲት፣ ዊኒፔግ፤ ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ፤
ማሞቂያው ከምድር ቤት ይጮኻል፣ እንደ ባዶ ሆድ።
ትርሲት ከላይ ወረደች፣ ሳትናገር ምንም፣
ላፕቶፗን ጠረጴዛው ላይ አኖረች፤ እጇን ግን አላነሳችም።
«ቀጭ፣ ቀጭ ይላል» አለች፤ «ሃርድ ዲስኩ ሊሞት ነው፤
ዛሬ ማታ ገልብጠው።»

ገልብጠው።
ይቺን ቃል በዚህ ቤት አራት ዓመት ማናችንም አልጠራናት፤
እንደ ሟች ስም፣ በዙሪያዋ ዞረን ነበር የምናልፋት።
ገለበጠ ማለት ቀዳ፤
ገለበጠ ማለት ደፋ፤
እኔ ያኔ በአንድ ጠቅታ ሁለቱንም ፈጸምኩኝ፤
የሷ ሦስት ዓመት ጠፋ።

ያኔም ሌሊት ነበር። ሁለት ዲስክ፣ ሁለት ገመድ፤
መልካቸው መንታ፣ ስማቸው ቁጥር፤ አንዱ ዜሮ፣ አንዱ አንድ።
«ምንጩ የቱ ነው? መድረሻውስ?» ብሎ ጠየቀኝ መስኮቱ፤
በእኔ ፈንታ መለሰለት እንቅልፉና ትዕቢቱ።
«እርግጠኛ ነህ?» አለኝ፤ ሁለቴ አለኝ። አዎ፣ አልኩ።
ባዶውን በሙሉው ላይ፣ ቀስ አድርጌ፣ ገለበጥኩ።
መስመሩ በሰማያዊ ሲሞላ፣ ሻዬን ይዤ አየሁ፤
ሲሞላ የመሰለኝ ሲጎድል እንደ ነበር ጧት አወቅሁ።

የዊኒፔግ ሐይቅ ጥቃቅን ፍጥረታት፣ በማጉያ ያየቻቸው፣
በየበጋው ከጀልባ ጎንበስ ብላ በጠርሙስ የቀዳቻቸው፣
አንድ በአንድ የቆጠረቻቸው፣ በስም በስም የጻፈቻቸው፣
ሦስት በጋ በአንድ ሌሊት
ውኃ በላቸው።

አልጮኸችም። ዕቃ አልሰበረችም።
ከዶላር ሱቅ አዲስ ደብተር ገዝታ መጣች፤
የመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ «፩» ብላ ጻፈች።
ከዚያ ወዲህ ግን፣ የስልኳን እንኳ፣
የገዛ ገመዷን ራሷ ሰካች።

ዛሬ በቀይ እስክሪብቶ ጽፋ ወረቀት ለጠፈች፤
በአንዱ «ሙሉ»፣ በአንዱ «ባዶ»። ከአጠገቤ ወንበር ሳበች።
«አንብብልኝ።»
እንደ ዳዊት ደጋሚ፣ ጣቴን በመስመሩ ላይ እያስኬድኩ፦
«ከሙሉ ወደ ባዶ።»
«ድገመው።»
«ከሙሉ… ወደ ባዶ» አልኩ፤ ላብ በጀርባዬ ወርዶ።
ቀስቱን አየች። አየሁ። ተያየን።
ጠቅ።

ይህ ፋይል መርጦ አይቀዳም፤ ምስል ነው የሚያነሳ፤
የተጻፈውን ከተሰረዘው፣ የሚታወሰውን ከሚረሳ፤
ያልተነካውን ሥፍራ ሳይቀር «ባዶ» ብሎ ይመዘግባል።
«ይቅርታም እንዲህ…» ልል ስጀምር፣ መስመሩ ይቆማል።

ስልሳ ሁለት በመቶ። ቀጭ። ቀጭ። ደግሞ እንደገና።
«በል እንጂ፣ አይዞህ» አለች፤
ለዲስኩ ይሁን ለእኔ፣ አልጠየቅሁም ገና።

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ፣ በሳርጀንት ጎዳና የበረዶ መጥረጊያው አለፈ፤
መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፤ መስመሩም ሄዶ ሄዶ ጫፉ ላይ አረፈ።
ከዚያ ማመሳከር አለ፤ ዋናውንና ግልባጩን ነቁጥ በነቁጥ የሚያስተያይ፤
እሷ ግን ያን አልጠበቀችም፤
ተኛች፣ እዚያው፣ ወንበሩ ላይ።

ጧት፦ «ልዩነት፦ ዜሮ።»
ካፖርቷን ለበሰች፤ የቦቷን ማሰሪያ ሁለቴ አጠበቀች።
«ሁለት ባላ ትከል» አለች፤
ቀሪውን አልጨረሰችም።
ግልባጩን ከጎኗ ሸጉጣ፣ ለጎረቤታችን ለዶሪን በአደራ ልትሰጥ ወጣች፤
ዋናውን፣ የሚንቋቋውን፣ ከነቀይ ወረቀቱ፣
እኔ ዘንድ ተወች።