ሐሙስ፣ ካልሆነም ዓርብ

ቅጹ ላይ «ቀን» ይላል፤ ክፍት ቦታው ጠባብ፣
«ሐሙስ፣ ካልሆነም ዓርብ» ብላ ጻፈች ሩባብ።
መለሱት ከቢሮ፣ በቀይ አክብበው፦
«ቁርጡን ቀን አሳውቂ፤ ‹ካልሆነም› ምንድነው?»

ፈተናው ሐሙስ ነው፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት፤
ርዕሱ ደግሞ፣ ጉድ ነው፣ የጨረቃ ስሌት።
ታውቀዋለች እሷማ፣ እስከ ሰከንድ ድረስ፤
እናቷ ግን «ልጄ፣ ፆም በቁጥር አይፈርስ፤
ዓይን ይመስክር» ይላሉ። እናም ረቡዕ ማታ፣
ግላስጎው ላይ ዝናብ ሲወርድ በዝግታ፣
ከመኪና ማቆሚያው ከላይኛው ጣራ
ምዕራቡን ታያለች ከወንድሟ ጋራ።

ስልኳ በራ፤ የጻፉት ዶክተር ማካስኪል ናቸው፦
«ውሻዬን ይዤ ወጣሁ፤ እዚህ አልታየችም።
እዚያስ?»
ሩባብ አልመለሰችም።
ከክሬኑ ጫፍ በላይ ደመናው ተሰንጥቆ፣
ወንድሟ ክንዷን ይዞ አጥብቆ፦
«ያቺ ናት? አይደለችም?»